መሬት በማይሸጥበት አገር መዋጮ ምን ይገዛል?

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የመጨረሻው ብሎክ ላይ ነው የምኖረው። ከበረንዳዬ ቀጥሎ የልብስ ማስጫ ሽቦ አለ፤ ከሽቦው ቀጥሎ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ቀጥሎ ሽምብራ። ክረምቱ ሲወጣ ባለማሳው ሲዘሩ እናያለን። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ልጆቻችን እሸት ሲነቅሉ እናያለን፤ ያኔ ግን እንዳላየ እንሆናለን።

ባለፈው ዓመት እዚያ ማሳ ላይ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተተክለው አደሩ። ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ባለማሳው ራሳቸውም አያውቁም። ጥማዳቸውን አውጥተው ችካሎቹን እየዞሩ አረሱ። ሲጨርሱ በየችካሉ ዙሪያ የምጣድ ስፋት ያለው ያልታረሰ ሣር ቀረ። ከአራተኛ ፎቅ ሲታይ ማሳው ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስል ነበር።

በሳምንቱ እሁድ የብሎካችን ኮሚቴ ደብተር ይዞ በር ማንኳኳት ጀመረ። በየቤቱ 500 ብር፣ "ማሳውን ለማዳን"። ሐሳቡን ያመጣው ውጭ አገር ቆይቶ የተመለሰ ወጣት ጎረቤታችን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ጋሼ ደብተሩን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የከፈሉትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አነበቡ።

"ልጄ፣ ብሩ ምን ሊገዛ ነው?"

"መሬቱን ለማዳን ነው ጋሼ።"

"መሬት ይገዛል እንዴ?"

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

ልጁ ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው ግን ይገባኛል። እንግሊዝ አገር፣ ሽሮፕሻየር ውስጥ፣ ፎርድሆል የሚባል እርሻ አለ። አንድ ቤተሰብ ለትውልድ ሲከራየው ኖሯል። ባለቤቱ ሊሸጠው ሲነሳ የተከራዩ ቤተሰብ ልጆች ማኅበር አቋቁመው ለሕዝብ አክሲዮን አቀረቡ፤ አንዱ በ50 ፓውንድ። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 8,000 የሚሆኑ ሰዎች ገዙና 800,000 ፓውንድ ገደማ ተሰበሰበ። እርሻው የማኅበሩ ሆነ፤ ቤተሰቡም ማረሱን ቀጠለ። ባለአክሲዮኖቹ ትርፍ አይከፋፈሉም። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ቴር ደ ሊያን የሚባል እንቅስቃሴ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ። የተራ ሰዎችን ቁጠባ ሰብስቦ የእርሻ መሬት ይገዛል፣ ከዚያ ለገበሬ ያከራያል። በዚህ መንገድ ከ200 በላይ እርሻዎችን ይዟል።

ሁለቱም ቦታ ዘዴው አንድ ነው። መሬቱ ገበያ ላይ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ይገዛውና ከገበያ ያስወጣዋል።

እኛ አገር መሬት ከገበያ በሕግ ከወጣ 50 ዓመት አልፎታል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ላይ መሬት "የማይሸጥ የማይለወጥ" የጋራ ንብረት ነው ይላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አርሶ አደሮች መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመነቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። አሁንም ዝቅ ሲል፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በቅድሚያ ካሳ ከፍሎ የግል ንብረትን መውሰድ እንደሚችል ይናገራል። የአዲስ አበባ ዳር ገበሬ የሚኖረው እነዚህ ንዑስ አንቀጾች መሃል ተጨንቆ ነው።

ስለዚህ የጋሼ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። የብሎካችን መዋጮ 500 ሚሊዮን ብር ቢደርስ እንኳ ያንን ሽምብራ ማሳ በሕግ ሊገዛው አይችልም። ልግዛ ካለ የሚቀረው የጎን ውል ነው፤ እሱ ደግሞ ማሳዎቹን እየበላ ያለው ራሱ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስሌቱን ላሳያችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

አሁን ያለው የመሬት ማስለቀቂያና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ በ2016 አንዳንድ አንቀጾቹ ተሻሽለዋል። በዚህ አዋጅ መሠረት በቋሚነት የሚነሳ፣ ምትክ መሬት ያላገኘ አርሶ አደር የልማት ተነሺ ካሳ የሚያገኘው፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ ገቢ ያገኘበት ዓመት ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ በ10 ነበር የሚያባዛው። መሻሻል አለ፣ አይካድም።

አሁን አንድ ሄክታር ጤፍ ያለው ሰው እናስብ። ለስሌት እንዲመች 18 ኩንታል አገኘ፣ ኩንታሉን በ10,000 ብር ሸጠ እንበል። የዓመቱ ገቢ 180,000 ብር ነው። በ15 ሲባዛ 2,700,000 ብር ይሆናል። ብዙ ብር ይመስላል። አንድ ሄክታር ግን 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ለአንዱ ካሬ 270 ብር ደረሰው ማለት ነው። የሁለት ሦስት ሊትር ወተት ዋጋ። ያው መሬት ከተማ ሆኖ ሊዝ ጨረታ ላይ ሲወጣ ለአንዱ ካሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ብር ይሰጥበታል። በሁለቱ መሃል ደግሞ ደላላው አለ። እሱ ለገበሬው በካሬ ሺዎች ይዞለት ይመጣል፣ ጥሬ ብር፣ ዛሬውኑ።

ገበሬው ሆናችሁ አስቡት። ችካል ተተክሏል። መቼ እንደሚነሱ የሚነግራችሁ የለም። ብትጠብቁ 270 ብር። ብትሸጡ ሺዎች። መሸጥ ሕገወጥ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ግን የሚወሰድባችሁ ነገር ነው። 200 ካሬ ቆርሳችሁ ትሰጣላችሁ። ገዢው በሁለት ሌሊት ጨረቃ ቤት ያቆማል። ጎረቤታችሁም ያያል፣ እሱም ይቆርሳል። ዶዘሩ ሲመጣ ማሳው ቀድሞ ተበጣጥሶ ይጠብቀዋል። በ2011 በወጣው አዋጅ ላይ ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ፤ እኔ ግን ከካሳው መጠን ይልቅ ይህ የመጠበቅ ፍርሃት ነው ዋናው ጠላት ብዬ አምናለሁ።

ይህን ያስረዱኝ ወተት የሚያመጡልን የባለማሳው ሚስት ናቸው። እማማ ነው የምንላቸው። አማርኛቸው በኦሮምኛ የታሸ ነው፤ ወተቱን ሲለኩ ሁልጊዜ ከጣሳው ትንሽ ያስተርፋሉ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠው "ከዚያኛው ጥግ 200 ካሬ ሸጠናል፤ አልደብቅህም" አሉኝ። ለምን ስላቸው ባለቤታቸው ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸው ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው። ማዳበሪያው ተገዝቷል፣ የልጁ ትምህርት ቤት ምዝገባ ደርሷል፣ እህል አልደረሰም። "ክረምት ላይ ሰው ሆዱ ባዶ ነው፣ እጁም ባዶ ነው። ደላላ ይህን ያውቃል፤ በጭቃው ይመጣል።"

በጭቃው ይመጣል የሚለው ከአእምሮዬ አልወጣም። መሬቱ የተሸጠው ልማት ስለመጣበት አልነበረም። በአንድ ክፉ ወር ገንዘብ የሚያበድር ስለጠፋ ነው።

እዚህ ላይ መዋጮው ሥራ ያገኛል። ብሎካችን 120 ቤት አለው፤ ሁሉም ቢከፍል 60,000 ብር ነው። በዚህ ብር መሬት አይገዛም። ነሐሴን ማሻገር ግን ይቻላል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እድር ማለት ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ የሚደረግ መዋጮ ነው፤ ሰሌዳውና ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ቅጣቱ ሁሉ ተለምዶ ያለቀ ነው። ኦሮሞ ዘንድም ቡሳ ጎኖፋ የሚባል፣ የተቸገረን የሚያነሳ የቆየ ሥርዓት አለ፤ ክልሉም በቅርብ ዓመታት እንደ ተቋም አቁሞታል። እድራችን ለሬሳ ድንኳን ይተክላል። በሕይወት ላለ ገበሬ በሐምሌና በነሐሴ ብድር ሰጥቶ ጥር ላይ፣ እህል ሲሸጥ፣ ቢቀበል ምን ይጎድላል? ወለዱ ምናልባት ወተት ይሁን።

ሁለተኛው ሥራ ወረቀት ነው። ማንም የማይወደው፣ ማንም የማያዋጣበት።

እማማ የይዞታ ማረጋገጫቸውን አሳይተውኛል። ሦስት ፌስታል ውስጥ ነው ያለው፤ አንዱ ሌላውን አቅፎ። ሳጥኑ ውስጥ ከነጠላቸው ሥር ይቀመጣል። ከፌስታሉ ሲወጣ ግማሹ ማኅተም ደብዝዟል። በጀርባው ላይ አንድ ሰው በእስክሪብቶ ስልክ ቁጥር ጽፎበታል። ይህች ወረቀት ናት የ2,700,000 ብሩ ማስረጃ። የመሬቱ ስፋት ወረቀቱ ላይ አንድ ነው፣ በእግር ሲለካ ሌላ ነው። ወተቱስ? ጭዱስ? ልጆቻችን የሚነቅሉት እሸትስ? የትም አልተጻፈም። ካሳው የሚሰላው በገቢ ነው፤ ያልተጻፈ ገቢን ማስረዳት ደግሞ ጣር ነው።

መዋጮው የሚያዋጣው እዚህ ነው። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ተከፍሎት ማሳውን በጂፒኤስ ይለካል። ከብሎካችን ያለች አንዲት ሒሳብ ያዥ በወር አንድ ቅዳሜ ሄዳ ስንት ሊትር፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ሸክም ጭድ ብላ ትመዘግባለች፤ ገዢውም ይፈርማል። የወረቀቶቹ ሁሉ ኮፒ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ጠበቃም ቀድሞ ይታወቃል። አዋጁ የማስለቀቂያ ትእዛዝ ለደረሰው ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት 30 ቀን ይሰጣል። 30 ቀን ብዙ ይመስላል። ጠበቃ የማያውቅ፣ ሰነዱ የደበዘዘበት፣ አጨዳ ላይ ያለ ሰው ግን ወረቀቱን አስነብቦ እስኪጨርስ ያልቅበታል።

እዚያው አዋጅ ላይ ብዙ ሰው የማያወራለት አንድ ነገር አለ። መሬቱ ላይ ያሉ ባለይዞታዎች ለብቻም ሆነ ተደራጅተው፣ ፕላኑ በሚያዘው መሠረት መሬታቸውን ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ መብት አላቸው። መብቱ ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ባዶ እጁን ለሄደ ገበሬ ምን ያደርግለታል? ማልማት እንደሚችል ማሳየት አለበት። ተደራጅቶ፣ ባንክ ሒሳብ ከፍቶ፣ ንድፍ አሠርቶ መቅረብ አለበት። ለዚህ ነው ደግሞ ሦስተኛውን ነገር፣ ፕላኑን፣ ዝም ብለን ማለፍ የማንችለው።

አሁን አዲስ አበባ የምትተዳደርበት መዋቅራዊ ፕላን በ2009 የጸደቀ፣ ለ10 ዓመት የታሰበ ነው። ዕድሜው እየተጠናቀቀ ነው። ያ ፕላን ከከተማው ቦታ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ነው የመደበው። ቀጣዩ ፕላን ሲሠራ የሆነ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የእማማን ማሳ አንድ ቀለም ይቀባዋል። ለግንባታ ተብሎ ቢጫ ከተቀባ በኋላ መጮኽ ዋጋ የለውም። ከዚያ በፊት ግን የተለካ ካርታ፣ የሦስት ዓመት የምርት መዝገብና የ300 አባወራ ፊርማ ይዞ መሄድ ይቻላል። ከተማዋ የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን አላት፤ በሩ የት እንደሆነ ይታወቃል።

የአስተዳደር ድንበሩ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ እውነት ነው። በ2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ የወሰን ስምምነት አደረጉ። በ2015 ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ፉሪ ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆኑ። የእኛ አጥር እዚህ ነው፣ ማሳው እዚያ ሊሆን ይችላል። አንዱ በኩል የሄደ ማመልከቻ ሌላው በኩል ላይሠራ ይችላል። ኮሚቴው በር ከማንኳኳቱ በፊት መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን መሆን ነበረበት።

የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። እዚህ ከተማ ዳር ላይ ስለ መሬት ማውራት ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ አስነሳ፤ ኅዳር 2008 ላይ ዳግም ፈነዳ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ተሰረዘ። የገበሬው ቤተሰብ ይህን ያስታውሳል። እኔ የምኖርበት ሕንፃም የማን ማሳ እንደነበር ያስታውሳል። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ የእኛው ቱሉ ዲምቱ፣ ሁሉም ትናንት እርሻ ነበሩ። ቤት ማጣትንም አውቀዋለሁ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጬ "ከእንግዲህ ቤት አይሠራ" የምል ሰው መሆን አልፈልግም። እንደኔ ያለ ሰው ይህን መዋጮ ሲጀምር መጀመሪያ ማፈር አለበት፤ ከዚያ ዝም ብሎ መስማት።

ለመስማት ስሄድ ያገኘሁት የእማማን ልጅ ነው። 20ዎቹ ውስጥ ያለ፣ ባጃጅ የሚነዳ። ስለ መዋጮው ነገርኩት። ሳቀ። "እናንተ እኮ እይታችሁን ነው የምታድኑት። ከበረንዳ ሲታይ ደስ ይላል።" ቀጥሎ ግን ሳይስቅ "እኔ ሽምብራ አልፈልግም፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ ግን ማንም እንዳይነካው እፈልጋለሁ" አለኝ። ኮሚቴ ሲቋቋም ይህ ልጅ ውስጥ ካልገባ፣ ከግማሽ በላይ ወንበሩ የገበሬዎቹ ካልሆነ፣ ነገሩ የከተሜ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ቤተሰቡ ነገ ሐሳቡን ቀይሮ ከብት ላርባ፣ ወይ መኪና ማቆሚያ ልሥራ ቢል መዋጮው "አይሆንም" የማለት መብት የለውም።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ገንቢዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። የዚህ አካባቢ አፈር ዋልካ ነው። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ክረምት ጫማ የሚያስቀር። ውሃ ስለሚይዝ ሽምብራ ዝናብ ካለፈ በኋላ ተዘርቶ በእርጥበቱ ብቻ ይደርሳል። ለግንባታ ግን መከራ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ተቋራጩ ያንን አፈር ቆፍሮ በገልባጭ ያወጣና ሰሌክት በሚባል የተመረጠ አፈር ይሞላዋል። ለእርሻ ምርጥ የሆነውን ለግንባታ መጥፎ የሆነውን አፈር ገንዘብ ከፍለን አውጥተን እንደፋለን፤ ከዚያ ሽምብራ ከሩቅ በጭነት መኪና እናስመጣለን። መንደራችን ጀርባ ያለው ሰሌክት የተደፋበት ጉብታ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

የገንዘቡ አያያዝ ላይ ብዙ አልቆይም። በግለሰብ ቴሌብር መሰብሰብ ጸብ መዝራት ነው። በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይሁን፤ ከሦስቱ ሁለቱ ገበሬዎች ይሁኑ። በየወሩ ሒሳቡ በር ላይ ይለጠፍ። አንድ ነገር ላይ ግን ጥርሴን ነክሼ እናገራለሁ፤ ከመዋጮው አንድ ሳንቲም ለ"ሻይ መጠጫ" እንዳይወጣ። አንዱ ጎረቤታችን በቅንነት "አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ትንሽ ነገር ከሰጠነው ፋይሉን ያቆምልናል" ብሎ ነበር። ፋይል የሚያቆም ሰው ሌላ ትንሽ ነገር ከመጣለት ፋይሉን ያስኬደዋል። ለዚያውም ወንጀል ነው።

ሰሞኑን የኮሚቴው ልጅ ደብተሩን ይዞ እንደገና ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ጋሼ በሩን ከፈቱ። ብሩ ማሳ እንደማይገዛ፣ ለቀያሽና ለመዝገብ፣ ለጠበቃና ለነሐሴ ብድር እንደሚሆን ነገራቸው። ጋሼ 500 ብር ቆጥረው ሰጡት። ከስማቸው አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ በጣታቸው እያሳዩ "እዚህ ጻፍልኝ" አሉት። "ግማሹ ለወረቀት፣ ግማሹ ለነሐሴ።"